በትንሿ መነጽር ግዥ ላይ የተደረገ ታላቅ ተጋድሎ

አገር የሚያኮሩ ሥራዎች ሁሉ በዜና አይነገሩም። አንዳንዶቹ ፋይል ውስጥ ታስረው፣ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ፣ መደርደሪያው ተቆልፎ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ከሥልጠና እስኪመለስ ሲጠባበቁ ይኖራሉ። ከጎንደር በስተሰሜን ባለች አንዲት ወረዳ፣ ትሕትናው እንዳይጎዳበት ብለን ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት የአደን መነጽር ለመምረጥ ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ያደረገው ተጋድሎ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ዕቃ ሱቅ ገብቶ፣ ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ «ይቺ ትሁንልኝ» ብሎ ይወጣል አሉ። ኮሚቴ ስለሌለው አይፈረድበትም።

ነገሩ የተጀመረው በአያ አወቀ ነው። አያ አወቀ ስድሳ ሦስት ዓመቱን የያዘ ገበሬ ሲሆን፣ ከአባቱ የወረሰው ባለ ፈቃድ ምንሽር አለው። በመንደሩ ሰብል የሚያጠፋ አውሬ ሲመጣ እንዲያባርር፣ እምቢ ካለም እንዲገድል ፈቃድ የተሰጠው ለእሱ ብቻ ነው። በጉብዝናው ወራት ከወንዝ ማዶ የምትሮጥ ቆቅ አትሰወረውም ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ግን ዓይኑ ደከመ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በቆሎው መሃል አንድ ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ አየና አነጣጠረ። ቃታውን ሊስብ ሲል ጥቁሩ ነገር አናፋ። የጎረቤቱ የወለተሩፋኤል አህያ ነበረች። ከአህያዋ ጎን ደግሞ ወለተሩፋኤል ራሷ ጎንበስ ብላ መጫኛ ታጠብቅ ነበር።

«ሰው ልገድል ነበር እኮ፣ ብርቄ» አላት ሚስቱን በዚያው ምሽት። «አህያዋ ባታናፋ እሷ አፈር ውስጥ፣ እኔ እስር ቤት።»

«ተመስገን በል። አህያዋንም አመስግናት» አለች ብርቄ።

ከዚያ ወዲህ አያ አወቀ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠመንጃ ማንሣት ፈራ። ከርከሮዎቹ ወሬውን ከማን እንደሰሙ አይታወቅም፤ ብቻ ከጫካው እየወጡ ማሳውን ግማሽ በግማሽ ጨረሱት። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ፣ ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ዘግተው ሳንጃ ከተማ ያለው ልጃቸው ዘንድ ከመጠጋት ሌላ መላ አልነበራቸውም። ብርቄ ደግሞ በስተርጅና ምራት ቤት ገብቶ የሰው ፊት ማየትን እንደ ሞት ነው የምትቆጥረው።

ሰኔ ሲገባ የእህቱ ልጅ ሶሊያና ልትጠይቃቸው መጣች። ሶሊያና ጎንደር ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ወፎች የምታስተምር ልጅ ናት። አንገቷ ላይ አንዲት ትንሽ መነጽር አንጠልጥላለች።

«ምነው ይቺ እንዲህ አነሰች? ያስተማሪ ዕቃ ይቺው ናት?» አላት አያ አወቀ።

«ማነሷ ነው ደጉ፣ አያ። ስድስት እጥፍ ነው የምታቀርብ። ብዙ የሚያቀርበውን ትልቁን ብትይዝ፣ እጅህ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ያየኸው ነገር ሁሉ ይዘልብሃል። አንዷን ጥግ ብቻ ነው የሚያሳይህ፤ ሲመሽም ይጨልምብሃል። ይቺ ሰፋ አድርጋ፣ ረጋ ብላ ታሳያለች። ኪስህ ውስጥም ትገባለች።»

አያ አወቀ ዓይኑ ላይ ደቀናት። የጫካው ዳር ከነቅጠሉ መጣ። ከማዶ የምትግጥ አህያ አየ፤ የማን እንደሆነች በጆሮዋ ለያት። ከአህያዋ ኋላ የቆመውን ሰውም ለየ። ዓይኑ የተመለሰለት መሰለው።

ያቺ መነጽር የዩኒቨርሲቲው ስለሆነች ሶሊያና ትታለት መሄድ አልቻለችም። እሱም በማግስቱ፣ ሰኔ ዐሥር ቀን፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወረደ። በግ ሽጦ በራሱ ሊገዛ ነው ያሰበው፤ የሄደው ለማሳወቅ ያህል ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዓለምነው ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ግን በአክብሮት ሳይነሡ፣ ተቀበሉት።

«አያ አወቀ፣ ይህ እንኳ የሚሆን አይደለም» አሉ። «እርስዎ በመንግሥት ፈቃድ የሚያድኑ ሰው ነዎት። በግል መነጽር አይተው በመንግሥት ፈቃድ ሊተኩሱ አይችሉም። ዕይታውም የመንግሥት መሆን አለበት።»

«እስካሁን የማየውስ በማን ዓይን ነበር?»

«እሱ ክፍተት ነው» አሉ አቶ ዓለምነው ማስታወሻቸው ላይ እየጻፉ። «ክፍተቱን እንሞላዋለን።»

በዚህ መልክ «የርቀት ዕይታ አቅራቢ መሣሪያ መራጭ፣ ገምጋሚና አጽዳቂ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ዓለምነው ናቸው። አባሉ የግዥና ንብረት ኃላፊው አቶ ኢዮስያስ ናቸው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሰርካለም ናት። ሰርካለም አንድ ጠባይ አላት፤ ሰው የተናገረውን አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ እንዳለ ትጽፋለች። በዚህ ጠባይዋ ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕድገት አላገኘችም። አያ አወቀ ደግሞ «የተጠቃሚዎች ተወካይ» ተብሎ ተሰየመ፤ ይኸውም የመቀመጥ ሙሉ መብት፣ የመናገር ደግሞ ከፊል መብት ማለት ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ የአያ አወቀ ማመልከቻ ተነበበ። ሶሊያና እንደጻፈችለት «ትንሽ፣ ቀላል፣ ብዙ የማታቀርብ፣ ስድስት እጥፍ የምትሆን መነጽር» ይላል።

«ስድስት?» አሉ አቶ ኢዮስያስ። «ዝቅተኛ አቅም ያላት መነጽር ገዛን ብለን ሪፖርት እንጻፍ? ይህ መሥሪያ ቤት እኮ ዘንድሮ ብቻ አራት የአቅም ግንባታ ሥልጠና ወስዷል!»

አቶ ዓለምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ ሁሉም ነገር ወደ ላይ በሚያድግበት በአሁኑ ወቅት፣ እኛ ወደ ታች የምናይበት ምክንያት አይታየኝም። የትክል ድንጋይ ጽሕፈት ቤት ቢሰማ ይስቅብናል። የሳንጃው ቢሰማ ይስቅብናል። ሃያ እጥፍ የሚያቀርብ ይሁን። ቢቻል ሃያ አምስት።»

አያ አወቀ እጁን አነሣ። «ጌታው፣ ትልቁን የያዝሁ እንደሆነ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከርከሮው ሲዘል አየዋለሁ እንጂ ምን እንደሆነ አልለየውም። የኔ ጭንቀት ሰው እንዳልመታ ነው።»

«ለእጅዎ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል» አሉ አቶ ዓለምነው በርኅራኄ። ሰርካለም ይህንንም ጻፈች።

መመሪያው ግን ጥልቅ ነበርና፣ መነጽር ከመመረጡ በፊት መነጽር የሚያስፈልገው ጉዳት መኖሩ በጥናት መረጋገጥ ነበረበት። ነሐሴ ላይ በቆሎው እሸት ሲያንጠለጥል የጉዳት አጥኚ ቡድኑ በፒክአፕ መጣ። ቡድኑ ማለት ኮሚቴው ነው፤ ሰው እንዳይበዛ ታስቦ። አቶ ዓለምነው ማሳው ዳር ቆመው ወገባቸውን ይዘው ቃኙ።

«ጉዳቱ ከየት ይጀምራል?»

«ከዚህ ነው ጌታው። ትናንት ማታ የገቡበት ነው» አለ አያ አወቀ።

«በጣም ያሳዝናል። ናሙና ይወሰድ።»

ሾፌሩ አብዮት ወርዶ ናሙና መውሰድ ጀመረ። ከተጎዳው በኩል ሊወስድ ሲል አቶ ኢዮስያስ አረሙት፤ ለንጽጽር የሚሆነው ያልተጎዳው ነው። የተወሰነው ናሙና እዚያው እሳት ተያይዞለት ተጠበሰ፤ ሳይንሱ ጥሬውንም ብስሉንም ይጠይቃልና። የቀረው መኪና ላይ ተጫነ። ሰርካለም ብቻ ጾም ነኝ አለች። ጾም ቢሆን እሸት እንደማያስፈስክ አቶ ዓለምነው በሰፊው አስረዷት፤ እሷ ግን «አልራበኝም» ብላ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች።

አንድ ናሙና ለጥናት በቂ እንዳልሆነ በሳምንቱ ታወቀና ሁለተኛ ዙር ተደረገ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አልተመሳሰለም ተባለና ሦስተኛ መጡ። ብርቄ ከመኪናው አቧራ ኋላ ቆማ በቆሎዋን አየች።

«ከርከሮው እንኳ በሆዱ ልክ ነው የሚበላ» አለች። «ለዘመድ ብሎ አይጭንም።»

«ዝም በይ፣ መነጽሩን ይከለክሉናል» አላት አያ አወቀ። ብርቄ ግን ተናዳ ነበር፤ ያን ቀን ለባሏ እራት ስታቀርብ ወጡን ከነድስቱ ነው ያስቀመጠችለት።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የመስክ ሙከራ ተደረገ። ጎንደር ፒያሳ ያለ አንድ ነጋዴ ሦስት መነጽር ለናሙና ላከ፤ ባለ ስድስት፣ ባለ ዐሥራ ሁለትና ባለ ሃያ። ሙከራው የሚደረገው ከወረዳዋ ከተማ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ጎንደር ጋራዥ ከገባ ሁለት ሳምንቱ መሆኑን አቶ ኢዮስያስ አስቀድመው በጽሑፍ አሳውቀዋልና ኮሚቴው በእግሩ ወጣ። አቶ ዓለምነው ሦስት ጊዜ ለመተንፈስ ቆሙ፤ በቆሙ ቁጥርም ትንፋሽ ያጠራቸው እንዳይመስል አጭር ንግግር አደረጉ። ባለ ሃያውን ዘበኛው ከነባለ ሦስት እግር ማቆሚያው በትከሻው ተሸክሞት ነበር።

በጫካው በኩል ደመና ስለወረደ፣ ለሙከራ ዒላማነት ከተማዋ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። መጀመሪያ ያዩት አቶ ዓለምነው ናቸው።

«ድንቅ ነው!» አሉ። «ድንቅ ነው! የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት በእጄ የምነካው ይመስለኛል። የኢዮስያስን ቤት አየሁት። በሩን አየሁት። ከበሩ ፊት ለፊት…»

ከበሩ ፊት ለፊት ጋራዥ የገባው ፒክአፕ ቆሞ ነበር። አብዮት ላዩ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ያወርዳል። ሰሌዳው ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ቆርቆሮው ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ቀይ ምልክትም እንዲሁ።

«እስቲ እኔም ልሞክር» አሉ አቶ ኢዮስያስ። አቶ ዓለምነው ቀስ ብለው ቦታ ለቀቁ። አቶ ኢዮስያስ ማቆሚያውን ትንሽ አዞሩት። «እውነትም ድንቅ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊያችን አዲሱ ግቢ አይደል ያ? የሚቆፍሩት ሰዎች…»

በአቶ ዓለምነው አዲስ ግቢ ውስጥ የቤት መሠረት የሚቆፍሩት ሰዎች፣ ተራራ ላይ ችግኝ እየተከሉ ነው ተብሎ የቀን ውሎ የሚፈረምላቸው የመሥሪያ ቤቱ ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበሩ። አንደኛው ላቡን ሲጠርግ የጠወለገ ፊቱ ጭምር ታየ።

ሁለቱ ኃላፊዎች ተያዩ። ያን ጊዜ የተያዩት ያለ መነጽር ነው፤ በደንብ ግን ተያዩ።

ሰርካለም ቀርባ እሷም በትልቁ አየች። ወደ ግራ አዞረችው፤ ወደ ቀኝ አዞረችው። ቀና ብላ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጭጋግ ነበር ብለሽ ጻፊ» አሉ አቶ ዓለምነው።

«ፀሐይ ነው እኮ።»

«በመሣሪያው ውስጥ ጭጋግ ነበር ብለሽ ጻፊ።»

ባለ ዐሥራ ሁለቱ ተሞከረ። እሱም የሰው መልክ ስለሚያሳይ በአንድ ድምፅ ተጣለ። በመጨረሻ ትንሿ ባለ ስድስት ወጣች። አቶ ዓለምነው ፈራ ተባ እያሉ ዓይናቸው ላይ አደረጓት፤ ለረጅም ጊዜም ቃኙ። ቤቶች ታዩ፤ ዛፎች ታዩ፤ በየደጁ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ሰዎች ታዩ። የማንም መልክ ግን ከዚህ ርቀት አልታየም።

«እሰይ!» አሉ። «ሰው አትለይም!»

አቶ ኢዮስያስ ተቀብለው አዩ፤ ፊታቸው በራ። «እውነትም አትለይም። እኔ መጀመሪያውንም ስድስት በቂ ነው ስል ነበር።»

ከዚያ ለአያ አወቀ ሰጧት። አያ አወቀ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና ረጋ ብሎ አየ። እሱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ነገርን በመልኩ ሳይሆን በአቋሙና በአረማመዱ ሲለይ የኖረ ሰው ነው። ፒክአፑን ለየው፤ አብዮትን በትከሻው አጣጣል ለየው።

«ምን አዩ፣ አያ?» አሉ አቶ ዓለምነው።

«ቤት ነዋ የሚታይ» አለ አያ አወቀ።

የዚያን ዕለት አቶ ዓለምነው ጉብታው ላይ ቆመው ያደረጉት ንግግር በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አለው። «ኮሚቴው በጥልቀት እንደተገነዘበው» አሉ፣ «ከልክ ያለፈ ማቅረብ፣ ሩቅ መኖር የመረጠን ነገር ያለ ፈቃዱ ማምጣት ነው። ይህ ደግሞ ከመልካም ሥነ ምግባር ውጪ ነው። አነስተኛ አቅም ማለት አነስተኛ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ስድስቷ መነጽር፣ ሰውን ከሰው፣ ንብረትን ከንብረት ለይታ ባለማሳየቷ ተመርጣለች።»

«ሰውን ከአውሬስ?» አለች ሰርካለም ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «ማሳ ላይ ነው የምትውል ብዬ ነው።»

«እሱንም ጨምሪ። ከመቶ ሜትር በላይ ሰውን ከአውሬ እንደማትለይ በመስክ ሙከራ ተረጋግጧል ብለሽ ጻፊ። ምንም አትለይም! ይግባሽ!»

ሰርካለም ጻፈች። ሁለቱም ፈረሙ፤ ማኅተምም ተመታ። አያ አወቀ ግራ ገባው። እሱ ለሦስት ወር የለመናት መነጽር እነሆ ተመርጣለታለች፤ የተመረጠችው ግን እሱ የሚፈልጋትን ሥራ ስለማትሠራ ነው። አንድ ቃል ቢናገር እንዳይነጥቁት ፈርቶ ጭጭ አለ።

መስከረም ሃያ አንድ ቀን በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተረከበ። ባነር ተሰቀለ፤ ከየቀበሌው ሰው ተጠራ። መነጽሯ መድረኩ ላይ ባሉት የታሸጉ ውኃዎች መካከል ጠፍታ ትንሽ ፍለጋ አስፈልጎ ነበር፤ ተገኘች። አያ አወቀ የጣት አሻራውን አኑሮ ኪሱ ከተታትና ወደ ማሳው ሮጠ ማለት ይቻላል። ከበቆሎው የቀረው ሲሶ ያህል ነው። እሱን ካዳነ ክረምቱን ይሻገራሉ፤ ሳንጃም አይሄዱም።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። የመነጽሯን ውጤት የሚገመግም ቡድን ሐሙስ ጠዋት በማሳው ላይ እንደሚገኝ ይገልጻል። አያ አወቀና ብርቄ ሐሙስ ጠዋት ጠበቁ፤ ሐሙስ ቀትር ጠበቁ። በዘጠኝ ሰዓት ተስፋ ቆረጡ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አያ አወቀ ምንሽሩን ይዞ ማሳው ራስ ላይ ወዳለው ማማ ወጣ። ብርቄም ከኋላው ወጣች።

ብዙም አልቆየ፤ ከማሳው ታችኛው ጫፍ የአገዳ ስብራት ተሰማ። ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። ጎንበስ ቀና ይላሉ።

«መጡ!» አለች ብርቄ። «በላቸው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

አያ አወቀ ጠመንጃውን አነሣ። የዓምናዋ አህያ ትዝ አለችው። ምንሽሩን አስቀመጠ፤ መነጽሯን አወጣ፤ ዓይኑ ላይ ደቀነ።

ሶሊያና እውነቷን ነው። ትንሿ መነጽር ረጋ ብላ፣ ሰፋ አድርጋ አሳየችው። በበቆሎው መሃል አቶ ዓለምነው ኮታቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ይሸመጥጣሉ። ከጎናቸው አቶ ኢዮስያስ ጆንያ ከፍተው ይቀበላሉ። አብዮት የሞላውን በትከሻው አድርጎ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ከእነሱ ፈንጠር ብሎ፣ ከጫካው ዳር፣ ሁለት ትልልቅ ከርከሮዎች ሦስት ግልገል አስከትለው ቆመዋል። አይበሉም። ኮሚቴው ጨርሶ እስኪወጣ ወረፋ የያዙ ይመስላሉ።

አያ አወቀ በመጀመሪያ አማተበ፤ መነጽሯ ባትኖር ኖሮ ከሦስቱ አንዱን ገድሎ ነበርና። ቀጥሎ ግን ደሙ ፈላ። እንዲያ የተቆጣበትን ቀን አያስታውስም።

«ምንድን ናቸው?» አለች ብርቄ እጅጌውን እየጎተተች።

«ሁለት ዓይነት ናቸው» አለና መነጽሯን ሰጣት።

ብርቄ ለረጅም ጊዜ አየች። «በል አንዴ አንባርቅባቸው፤ ወደ ላይ አድርገህ» አለችው።

አያ አወቀ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ አንድ ጥይት ለቀቀ። ከርከሮዎቹ ወደ ጫካው፣ ኮሚቴው ወደ መኪናው ሮጠ። የኮሚቴው ፍጥነት የተሻለ እንደነበር ብርቄ እስከ ዛሬ ትመሰክራለች። ማሳው ውስጥ ሁለት ጆንያ በቆሎና አንድ ግራ እግር ጫማ ቀረ። መኪናው ውስጥ ጋቢና ተቀምጣ የነበረችው ሰርካለም ሰዓቷን አይታ ደቂቃውን ጻፈች።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ማሳውን የነካ የለም። ሰኞ ግን አያ አወቀ ለምርመራ ተጠራ። ፈቃዱንም፣ ምንሽሩንም፣ መነጽሯንም ይዞ እንዲቀርብ የሚል ትእዛዝ ነው። ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሸኘችው፤ ያለ ምንሽር ማሳው አንድ ሳምንት እንደማያድር ሁለቱም ያውቃሉ። የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዓለምነው ናቸው፤ ከሳሽም ምስክርም እሳቸው ስለነበሩ ወጪ ቆጥቧል። አዲስ ጫማ አድርገዋል።

«አያ አወቀ፣ ጥያቄው አጭር ነው» አሉ። «ሐሙስ ዕለት ማሳው ውስጥ የነበርነው ሰዎች መሆናችንን በመነጽሩ አይተዋል? ወይስ አላዩም?»

አቶ ኢዮስያስ ፈገግ አሉ። አየሁ ካለ፣ እያወቀ በመንግሥት ሠራተኛ ላይ ተኩሷል። አላየሁም ካለ፣ ሳይለይ ተኩሷል። በሁለቱም ፈቃዱ ይነጠቃል።

አያ አወቀ ወደ ሰርካለም ዞረ። «ልጄ፣ ከጉብታው ላይ የጻፍሽውን እስቲ አንብቢልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም።»

ሰርካለም ተነሣች። ፋይሉን በቀላሉ ነው ያገኘችው፤ ገጹን አስቀድማ አጥፋው ነበር። «‹ባለ ስድስቷ መነጽር ከመቶ ሜትር በላይ ሰውን ከአውሬ እንደማትለይ በመስክ ሙከራ ተረጋግጧል።› ፊርማ፣ አቶ ዓለምነው። ፊርማ፣ አቶ ኢዮስያስ። ማኅተም አለው።»

«ከማማው እስከ ታችኛው ጫፍ ሦስት መቶ ሜትር ይሆናል» አለ አያ አወቀ። «እንግዲህ እናንተ አትለይም ካላችሁ፣ እኔ ማን ነኝና እለያለሁ?»

«ትለያለች!» ብለው ጮኹ አቶ ኢዮስያስ። «ጆንያውን ሳይቀር ታሳያለች!»

«እንደዚያ ከሆነ ቃለ ጉባኤው ስሕተት ነው» አለች ሰርካለም። «መመሪያው እንደሚለው ሙከራው ይደገማል። ከዚያው ጉብታ ላይ፣ በባለ ሃያው። ከክልል ታዛቢ ተጠርቶ።»

አቶ ዓለምነው ኮርኒሱን አዩ። አቶ ኢዮስያስ ወለሉን አዩ። ከውጭ ፒክአፑ ሲነሣ ተሰማ፤ ሲሚንቶ ጭኖ ይሆናል።

«ሙከራው አይደገምም» አሉ አቶ ዓለምነው በቀጭን ድምፅ። «ቃለ ጉባኤው ትክክል ነው።»

«ትክክል ከሆነ ሐሙስ ማሳው ውስጥ የነበሩት ምን ነበሩ ብዬ ልጻፍ?» አለች ሰርካለም። «ሰው ነበሩ ካልን፣ ማን ናቸው፣ በቆሎው ውስጥ ምን ያደርጉ ነበር የሚል ቅጽ አለ። አውሬ ነበሩ ካልን፣ ተኩሱ ሕጋዊ ነው፤ ፋይሉ ይዘጋል።»

ኮሚቴው ለሃያ ደቂቃ በዝግ መከረ። ሲመለስ አቶ ዓለምነው ቆመው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ውሳኔውን ራሳቸው አነበቡ። «ኮሚቴው ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ መርምሮ፣ ሐሙስ ምሽት በማሳው ውስጥ የታዩት በሙሉ ከርከሮዎች እንደነበሩ በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል። አያ አወቀም ፈቃዱን፣ ምንሽሩንና መነጽሩን እንደያዘ ይቀጥላል።»

አቶ ዓለምነው ፈረሙ። አቶ ኢዮስያስ ፈረሙ። ማኅተሙ ተመታ።

ሰርካለም እስክሪብቶዋን አልዘጋችም። «ብዛታቸው ስንት ነበር፣ አያ?»

«ስምንት» አለ አያ አወቀ መነጽሯን ኪሱ እየከተተ። «አምስቱ ጆንያ አልያዙም።»